የሦስት ዓመት ሥራ በአንድ ቀን ለጨረሱት ክቡር ኃላፊ

ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ለክቡር አቶ ተክለወልድ
የእንሰት መረጃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሴቻ

ጉዳዩ፦ የሟች ባልደረባችን የዮርዳኖስ ጉግሳ ስም በሠራችው ሥራ ላይ እንዲሰፍር በአደባባይ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ የወገብዎም ሕመም የተሻለዎት እንዲሆን፣ ከቢሮዎ መስኮት ሁለቱ ሐይቆች ዛሬም እንደ ወትሮው ጥርት ብለው እንዲታዩዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሲቀላ ሙቀትና ከትንኙ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህንኑ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በማመልከቻ ጠይቄ፣ ሦስት ጊዜም እጅግ ጨዋ በሆነ ቋንቋ እንቢ ስለተባልኩ፣ ክቡርነትዎን ለአራተኛ ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ማድከም ነውር መስሎ ታየኝና ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ለመጻፍ ተገደድኩ። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ጉዳዩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር በአጭሩ ላስረዳ። በ2013 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች፣ ማለትም ዮርዳኖስ ጉግሳ፣ ሳምሶን የሚባል ባልደረባችንና እኔ፣ በክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ተቀጥረን የጋሞ ደጋ ገበሬ በስልኩ የሚጠቀምበት የእንሰት ፕሮግራም መሥራት ጀመርን። እያንዳንዱ የእንሰት ዓይነት በስሙና በፎቶው ይገኝበታል፤ የትኛው አጠውልግ የሚባለውን በሽታ እንደሚቋቋም፣ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛውስ ለመድኃኒት እንደሚሆን ይናገራል። ሳምሶንና እኔ ቁጭ ብለን ኮድ ስንጽፍ፣ ዮርዳኖስ ግን ኮዱንም እየጻፈች ተራራውንም እየወጣች እናቶችን በቋንቋቸው ትጠይቅ ነበር። ዶርዜ ተወልዳ ያደገች፣ ሳቋ ከበር ውጭ የሚሰማ፣ ስህተት አይታ ማለፍ የማትችል ሴት ነበረች።

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ አንድ መዝገብ አላቸው። ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር እንደለወጠ፣ ለምንስ እንደለወጠ በዚያ ይሰፍራል፤ ስህተት ሲገኝም ወደ ኋላ ተመልሶ የትናንቱን ማየት የሚቻለው በእሱ ነው። ይህን መዝገብ ለመያዝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተማከለው ነው፤ መዝገቡ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ይቀመጥና ሠራተኛው የሚፈልገውን ገጽ ከዚያ ተውሶ፣ ሠርቶ ይመልሳል። ሁለተኛው ያልተማከለው ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ መዝገቡን ከነታሪኩ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ በራሱ ላፕቶፕ ይይዛል፤ ኔትወርክ ሲገኝም ሁሉም የየራሱን ከሌላው ጋር ያገናኛል። በየትኛው እንሥራ የሚለው ነው ክርክራችን። ያኔ እኔም ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታ የሚለው ቃል ክቡርነትዎን እንዳያስከፋ፣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ክርክሩን በሃያ ደቂቃ ስለቋጩልን አመሰግናለሁ። ስብሰባው የተደረገው ስለ ያልተማከለ አስተዳደር ሥልጠና ሲሰጥበት በሰነበተው አዳራሽ ሲሆን፣ የሥልጠናው ሸራ ገና ከግድግዳው አልወረደም ነበር። ዮርዳኖስ ተነሥታ ደጋ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ፣ መብራት በሄደ ቁጥርም ሰርቨሩ እንደሚዘጋ ካስረዳች በኋላ፣ ነገሩን እናቷ ወይዘሮ ልክነሽ እንሰት በሚተክሉበት ወግ ገለጸችው። እናቷ ጥሩ ዘር ሲያገኙ ችግኙን ለጎረቤት፣ ለምራት፣ ራቅ ብላ ላገባች እህታቸው ያካፍላሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ለደግነት ብቻ ብለው አይደለም፤ የራሳቸውን ጓሮ በሽታ የመታው እንደሆነ ያንኑ ዘር ከሰጧቸው ሰዎች ጓሮ መልሰው ያመጡታል። መዝገቡንም እንዲሁ እንያዘው አለች። ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው የመንግሥት ሥራ የጓሮ እንሰት አይደለም አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ውሳኔው ብቻ ስለሆነ ሳቃችንን እዚህ አስመዝግቤዋለሁ።

ለእውነት ያህል፣ ስጋትዎ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ቀድሞ በነበሩበት መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ሥራውን በላፕቶፑ እንደያዘ ጠፍቶ፣ ክቡርነትዎ በየግምገማው ስለ እሱ ሲመልሱ መክረምዎን ሰምተናል። ያልተማከለውም መንገድ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው አንዱን መስመር ከለወጡት፣ በማገናኛው ቀን ማን ትክክል እንደሆነ ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር ግድ ይላል፤ መነጋገር ደግሞ ጊዜ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ያኳርፋል። ሰርቨሩ አንድ ሲሆን የመጨረሻው ሥራ የቱ ነው ብሎ የሚጨነቅ የለም። ዮርዳኖስ ይህን ሁሉ አልካደችም። የለመነችው ሰርቨሩ እንዲኖር፣ ግን ብቻውን እንዳይሆን ነበር።

2ኛ. ውሳኔዎን በደብዳቤ ስላጸኑልን አመሰግናለሁ። ደብዳቤው ማንኛውም ሠራተኛ የመዝገቡን ቅጂ በእጁ መያዝ እንደማይችል፣ ይዞ የተገኘም የመንግሥትን ንብረት ያለፈቃድ እንዳባዛ እንደሚቆጠር ይገልጻል። ከግርጌው ግልባጭ የሚል አለ፤ ሰባት የሥራ ክፍሎች ተዘርዝረዋል። ስለዚህ ቅጂ አይኑር የሚለው ትእዛዝ በሰባት ቢሮ፣ በሰባት ፋይል፣ ሰባቱም ማኅተም አርፎባቸው እስከ ዛሬ በደህና ይገኛል። ከሥራችን ሁሉ ይህን ያህል ተጠንቅቀን ያቆየነው ሌላ ወረቀት የለም።

3ኛ. ዕረፍት ስለሰጡን አመሰግናለሁ። ሳምሶን የበሽታውን ገጽ ከሰርቨሩ ተውሶ፣ እንደ ደንቡም ሌላ ሰው እንዳይነካው በስሙ ቆልፎ ሳለ ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ተጠራና ሦስት ሳምንት ቆየ። ቁልፉ ሊነሣ የሚችለው በክቡርነትዎ ፊርማ ብቻ ሲሆን ክቡርነትዎም በዚያ ሰሞን መስክ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ከምዕራብ ዓባያ በላይ ካለ የደጋ ቀበሌ አንድ ገበሬ ደውሎ፣ ገጹ የታመመውን እንሰት ነቅለህ ቅበር ማለት ሲገባው ቁረጥ እንደሚል ነገረን። የቆረጡበት ቢላዋ በሽታውን ወደ ጤነኛው ተክል ይዞ ይሄዳል። ማረሚያው የአንድ ቃል ነበር፤ ቃሉ ሦስት ሳምንት ጠበቀ፤ እኔም ሲቀላ ቁጭ ብዬ ዳማ ስጫወት ከረምኩ። ገበሬው ከዚያ በፊት ስንት ተክል እንደቆረጠ አልጠየቅሁትም። አፍሬ ነው።

4ኛ. ዮርዳኖስን እግረ ብርቱ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ደጋው ድረስ ሰርቨሩ ስለማይደርስ የሰማችውን ሁሉ በደብተር ትጽፍና ከዶርዜ ያን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ትወርዳለች፤ መናኸሪያ ደርሳ ሌላ ሚኒባስ ይዛ ሴቻ ትወጣለች፤ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ቁልፍ በንብረት ክፍሉ በአቶ ዘመድኩን እጅ ስለሆነ፣ እሳቸው ለቅሶ ሄደው ከሆነ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ከዚያ ገብታ ደብተሩን ወደ መዝገቡ ትገለብጣለች። ከደብተሩ ወደ ሰርቨሩ የሄደው ገጽ ተቀዶ እንዲጣል ደብዳቤዎ ስለሚያዝ፣ እሱንም ቀዳ ትጥለው ነበር።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ ለውጥ ለምን እንደተለወጠ የሚጻፍባት ትንሽ ቦታ አለችው። ሳምሶንና እኔ እዚያ ላይ የምንጽፈው ተስተካከለ የሚል ብቻ ነው። ሰነፎች ነን። ዮርዳኖስ ግን የእንሰቱን ስም የነገረቻት ሴት ማን እንደሆነች፣ የት ቀበሌ እንደተቀመጡ፣ ምን ብለው እንደተጨቃጨቁ ሳይቀር ትጽፍ ነበር። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ማዜ የሚባለውን እንሰት ቀለም አስተካከልኩ። ቀይ ያልኩሽ ቅጠሉን ሳይሆን ግንዱን ነው ብላ እናቴ ሳቀችብኝ።» ሌላው፦ «ፎቶው ተገልብጦ ነበር። ዕዝራ አትቆጣ፣ ሚኒባስ ላይ ሆኜ ነው የመረጥኩት።» ሦስተኛው ደግሞ፦ «ይህን ስም የነገሩኝ እናት ባለፈው ሳምንት አርፈዋል። ተክሉን እስካሁን አላገኘሁትም። ስሙን ግን አታጥፉት፣ ያየ ሰው ሊኖር ይችላል።»

እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎቿ ከሺህ ሦስት መቶ ይበልጡ ነበር። እኔ በቃሌ የያዝኩት እነዚህን ሦስቱን ነው። አራተኛ አንድ ነበረ፤ ዛሬ ጭጋጉ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለት ዓመት ያህል ላስታውስ ታግዬ አልመጣልኝም።

5ኛ. በዚህ ተራ ቁጥር ክቡርነትዎን የማመሰግንበትን ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ምስጋናው የራሴ ነው።

ዮርዳኖስ በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ኩላሊቷን ታመመች። የረጅም ጊዜ የሕመም ፈቃድ እንዲጸድቅላት በእጇ ያለውን ንብረት ማስረከብ ነበረባት፤ በላፕቶፑም ላይ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ቅጂ አለመኖሩን ባለሙያ አረጋግጦ መፈረም ነበረበት። ባለሙያው እኔ ነኝ። ቅጹን ይዤ ዶርዜ ወጣሁ። እናቷ ቤት፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ፊቷ አብጦ አገኘኋት፤ ስታየኝ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ልትስቅ ሞከረች። ላፕቶፑን ስከፍተው መዝገቡ እዚያ ነበር። ሙሉው። ከጥቅምት 2013 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ የሳምሶንም፣ የእኔም፣ የእሷም እያንዳንዷ መስመር ከነማስታወሻዋ ተቀምጣለች። ደብዳቤዎ ከወጣበት ቀን ጀምሮ፣ ሴቻ በወጣች ቁጥር፣ ለማንም ሳትናገር አዲሱን ከአሮጌው ጋር ስታገናኝ ኖራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ትእዛዝዎን ጥሳለች፤ ይህን በዚህ ደብዳቤ ስነግርዎ ከእንግዲህ ሊቀጧት እንደማይችሉ ስለማውቅ ነው።

እኔ ግን ሰው ነኝና ፈራሁ። ቅጹ ላይ የለም ብዬ ብፈርምና በኋላ ቢገኝ በውሸት እጠየቃለሁ፤ ካልፈረምኩ ፈቃዷ አይጸድቅም፤ ፈቃዷ ካልጸደቀ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል የምትሄድበት ወረቀት አይወጣም። በፍላሽ ገልብጬ ኪሴ ብከተው ማንም አያየኝም ነበር። ፍላሽ ኪሴ ውስጥ ነበረ። ያንን ማድረግ በሐሳቤ አለመምጣቱን ብነግርዎ እዋሻለሁ፤ መጥቶልኝ ነበር፤ ደብዳቤዎ ታወሰኝና ተውኩት። እሷ ሳመነታ አይታኝ አልለመነችኝም። ሴቻ ሰርቨሩ ላይ ያለው እስካለ ድረስ ምን ቸገረህ፣ ፈርምና ውረድ፣ መኪና ያመልጥሃል አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ነው ያለችው። አጠፋሁት፣ ፈረምኩ፣ ወረድኩ። ሁሉም ከአራት ደቂቃ አልበለጠም።

ዮርዳኖስ በዚያው ዓመት በሚያዝያ አረፈች። የሕመም ፈቃዷ ጸድቆ ነበር፤ ስለ ፈጣን ምላሽዎ ይህን አልክድም።

6ኛ. ጽዳት ስለሚወዱ አመሰግናለሁ። ክልላችን ቢሮዎቹን በየከተማው ካከፋፈለ ወዲህ የእኛም ጽሕፈት ቤት ከአንዱ ወደ ሌላው ተጠሪነቱ ተዛወረና፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የንብረት ቆጠራ ጊዜ ሰርቨሩ ለአዲሱ ተረካቢ ኮሚቴ መሰጠት ነበረበት። የንብረት መረከቢያ ቅጽ በሆነው በሞዴል 19 ላይ የሰፈረው ሰርቨር፣ ብዛት አንድ፣ ቀለም ጥቁር የሚል ነው። ኮሚቴው ውስጡ ያለው በዝርዝር አለመመዝገቡን አይቶ፣ ያልተመዘገበ ነገር አንረከብም፣ ባዶውን ይሰጠን አለ። አቶ ዘመድኩን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥንና መሳቢያ ሲያስረክቡ የኖሩ ቅን ሰው ናቸው፤ ማንኛውም ሣጥን ሲተላለፍ ጠራርጎ ባዶውን መስጠት የሙያቸው ክብር ነው። የኮምፒዩተር ጠጋኝ አስጠርተው አስጠረጉት። ከላዩም አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለውታል። በነጋታው ስመጣ እንዴት እንዳስዋቡት በኩራት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔም ጥሩ ነው አልኳቸው። ሌላ ምን እላቸዋለሁ? ሌላ ቦታ ቅጂ አለ ወይ ብለው ቢጠይቁ ኖሮ እንኳ፣ በደብዳቤዎ መሠረት መልሱ የለም ነበር።

አቶ ዘመድኩንን የሚወቅስ ሰው ካለ እኔን ቀድሞ ይውቀስ። እሳቸው ያጠፉት የማያውቁትን ነው።

7ኛ. የመጨረሻውና ትልቁ ምስጋናዬ ፕሮግራሙን ራስዎ ስላተረፉልን ነው። በ2016 ኅዳር ላይ ለኤግዚቢሽን ሲሄዱ የፕሮግራሙን ኮድ በፍላሽ አስገልብጠው ወስደው ኖሯል። ይህ በራስዎ ደብዳቤ የተከለከለ መሆኑን የሚያነሣ ክፉ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን ከሦስት ዓመት ድካም በምድር ላይ የተረፈው ክቡርነትዎ ደንብ ስለጣሱ ብቻ መሆኑን አመስግኜ አልፋለሁ። ፍላሹ ላይ የነበረው የዚያን ቀኑ ኮድ ብቻ ነው፤ መዝገቡ የለም፤ ማን ሠራው፣ ለምን ሠራው የሚለው የለም፤ ዮርዳኖስ ከዚያ ወዲያ፣ እስከ ታመመችበት ቀን ድረስ የጨመረችውም የለም። እሱን ወስደው በመስከረም 2017 በአዲሱ ሰርቨር ላይ በአንድ ቀን ጫኑት። በአዲሱ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፤ ሠማንያ ሺህ የሚያህል የኮድ መስመር በዚያ ቀን፣ አስተዳዳሪ በሚባል አንድ ሰው እንደተጻፈ ይመሰክራል። አስተዳዳሪው ክቡርነትዎ ነዎት። እኛ በሦስት ዓመት የሠራነውን ከምሳ በፊት ስለጨረሱት እንኳን ደስ አለዎት።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ስለ አዘጋጆቹ የሚል ገጽ አለው። ያንን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሠራተኞችን ስም በእጅ እንዳንጽፍና እንዳንጣላ ብዬ፣ ስሙን በቀጥታ ከመዝገቡ እያነበበ እንዲዘረዝር አድርጌው ነበር። ቀድሞ ሦስት ስም ነበረው፤ አንደኛዋም ብዙ የሠራችው ዮርዳኖስ ጉግሳ ነበረች። አሁን አንድ ቃል ብቻ ይነበብበታል፤ አስተዳዳሪ ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ሦስት ጊዜ ያመለከትኩት ይህን ገጽ በእጅ ለማረም ነው። የእኔና የሳምሶን ስም ይቅር። በመጀመሪያው መልስ ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየታየ እንደሆነ ተነገረኝ። በሁለተኛው ሥራውን እሷ መሥራቷን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። ማስረጃው እሷ ላፕቶፕ ላይ ነበረ፤ እኔ ፈርሜ ያጠፋሁት እሱ ነው፤ የፈረምኩበት ቅጽ ግን በሦስት ኮፒ በጽሕፈት ቤትዎ ስለሚገኝ ማስረጃው ስለመጥፋቱ ማስረጃ አያጡም። በሦስተኛው በመዝገቡ የማይታይ ስም በፕሮግራሙ ላይ ማስፈር የአሠራር ክፍተት እንደሚፈጥር ተገለጸልኝ። የምጠይቀው ስምንት ፊደል ነው። ስምንት ፊደል ምን ዓይነት ክፍተት ሊፈጥር እንደሚችል አስቤ አስቤ ደከመኝ።

ነገ ሌላ ፕሮጀክት ሲጀመር የተማከለው ይሻላል ወይስ ያልተማከለው የሚለው ጥያቄ እንደገና በዚያው አዳራሽ ይነሣ ይሆናል። እኔ አሁን የምመልሰው እንደ ባለሙያ ብቻ አይደለም። ሰርቨር ይበላሻል፣ ሰው ይሞታል፣ ቢሮ ይዛወራል፤ ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ሠራተኛውን ያመነ ኃላፊ ሥራው በየሠራተኛው እጅ ይቀመጥለታል፤ ያላመነ ደግሞ በአንድ ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ያስቀምጣል። እርስዎ አላመኑንም። ከሁላችን መታመን የሚገባት ግን ትእዛዝዎን የጣሰችው ነበረች፤ እኔ የታዘዝኩት ነኝ፣ ጉዳቱም በእኔ እጅ ነው የደረሰው። በጣም ናፍቃኛለች።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ሰፊ መደርደሪያ፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በቅንነትዎ ያልተጠራጠርኩ፣ በፊርማዬ ግን ዕድሜ ልኬን የምጠራጠር፣ አጥፋ የተባልኩትን ሁሉ ያለ ጉድለት ያጠፋሁ የቀድሞ ሠራተኛዎ፣

ዕዝራ ገነነ
(ፊርማ)

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ሚያዝያ ለሙት ዓመቷ ዶርዜ ወጥቼ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ልክነሽ ፊደል አልቆጠሩም። ከጎረቤት ስልክ ተውሰው ፕሮግራሙን አስከፍተው ጠበቁኝና፣ ልጄ እዚህ ውስጥ የቱ ጋ ናት ብለው ጠየቁኝ። ገጹን ከፈትኩት። እዚያ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ጣቴን በእሱ ላይ አድርጌ ይቺው አልኳቸው። በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት፤ ገጹ ተዘጋባቸው፤ መልሼ ከፈትኩላቸው። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ስልኩን እያስመጡ ያንን ቃል ያሳያሉ አሉ። ስለዚህ ማመልከቻዬን መቀበል ባይመችዎ እንኳ፣ ለመስክ ሥራ ወደ ዶርዜ የወጡ እንደሆነ፣ አስተዳዳሪው እኔ ነኝ ብለው ለወይዘሮ ልክነሽ እንዳይነግሯቸው በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።